ኡልም፦ ጳጳስ ያልተቀመጠበት ታላቅ ደብር

በደቡብ ጀርመን፣ በዳኑብ ወንዝ ዳር ያለችውን የኡልምን ከተማ ከሩቅ የሚያስታውቃት አንድ ማማ ነው። ቁመቱ 161.53 ሜትር ነው። ከ1890 ጀምሮ የባርሴሎናው ሳግራዳ ፋሚሊያ በ2025 እስኪበልጠው ድረስ በዓለም ላይ ከእሱ የሚረዝም ቤተ ክርስቲያን አልነበረም። (ዓመታቱን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) ይህን የሚያህል ሕንፃ ያየ እንግዳ ካቴድራል መሆኑን አይጠራጠርም። ግን አይደለም። ካቴድራል ማለት ጳጳስ መንበሩን ያኖረበት ቤተ ክርስቲያን ነው፤ እዚህ ግን ጳጳስ ተቀምጦበት አያውቅም። የኡልሙ ሕንፃ የከተማው ሰው ልጁን የሚያስጠምቅበት፣ የሚቆርብበት፣ ሬሳ የሚሸኝበት አጥቢያ ነው። ድፍረቱም፣ ውበቱም፣ ሊያፈርሰው የነበረው ስሕተትም ከዚሁ የመነጩ ይመስለኛል።

ነገሩ የጀመረው በከበባ ነው። የቀድሞው አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ከከተማው ቅጥር ውጭ፣ ሜዳ ላይ ነበር። በ1376 ኡልም የሽዋብያን ከተሞች አስተባብራ ማኅበር ስትመሠርት ንጉሠ ነገሥት ካርል አራተኛ ጦሩን ይዞ መጥቶ ከበባት። በሮቹ ተዘጉ። ሕዝቡ ቤተ ክርስቲያኑን ከቅጥሩ ላይ ሆኖ ያየዋል እንጂ አይደርስበትም። ከበባው ካለፈ በኋላ ምክር ቤቱ መክሮ አዲስ ቤተ ክርስቲያን በቅጥሩ ውስጥ እንዲሠራ ወሰነ፤ ጁን 30 ቀን 1377 የመሠረቱ ድንጋይ ተጣለ። የአሮጌው ቤተ ክርስቲያን በሮች ከነቅርጻቸው ተነቅለው ለአዲሱ ዋሉ፤ ዛሬም በጎን በኩል የሚገባ ሰው በእነሱ ሥር ያልፋል።

ይህን ቀን የሚዘክር ቅርጽ በቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ አለ። ከንቲባው ሉድቪግ ክራፍት እና ባለቤቱ ግራና ቀኝ ቆመው የቤተ ክርስቲያኑን ምስል በእጃቸው ይዘዋል። መሐል ላይ የመጀመሪያው መሪ ግንበኛ ሃይንሪሽ አጎንብሷል፤ ባልና ሚስቱ ሕንፃውን የሚጭኑት በእሱ ጀርባ ላይ ነው። ጳጳስም ንጉሥም በቦታው የሉም። አሠሪው የከተማው ሰው፣ ተሸካሚው ግንበኛው መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚነግር ጽሑፍ አላነበብኩም።

የገንዘቡም ነገር እንዲሁ ነው። በዘመኑ የኡልም ነዋሪ 10 ሺህ ያህል ነበር፤ ያሠሩት ቤተ ክርስቲያን ግን ቆሞ ለሚያስቀድስ 20 ሺህ ሰው ይበቃል። ከተማዋ በጨርቅ ንግድ የበለጸገች ነበረች፤ ነጋዴውም የእጅ ባለሙያውም እንደ አቅሙ አዋጣ። ባለጠጋ ቤተሰቦች የራሳቸውን መሠዊያና ጸሎት ቤት አሠሩ፤ የሙያ ማኅበራትም እንደዚሁ። እያንዳንዱ መዋጮ ስም ነበረው። በዚህ ላይ ትልልቆቹ የጎረቤት ከተሞች ምን እየሠሩ እንደሆነ ሁሉም ያያል። አንድ ጳጳስ ቢያሠራው ኖሮ ልኩን የሚወስነው የመንበሩ ክብር ነበር። ከተማ ሲያሠራው ግን ልኩ የሕዝቡ ኩራት ነው፤ ኩራት ደግሞ መቼ ይበቃል?

እዚህ ላይ ሕንፃው ስለተሠራበት የጎቲክ አሠራር ትንሽ መናገር ያስፈልጋል። ከዚያ በፊት በነበረው አሠራር ጣሪያውን የሚሸከመው ወፍራም ግድግዳ ነበር፤ መስኮቱ ጠባብ፣ ውስጡ ጨለማ ነው። የጎቲክ ግንበኞች ቅስቱን ጫፉ ላይ አሾሉት። ክብ ቅስት ሸክሙን ወደ ጎን በኃይል ይገፋል፤ ሹል ቅስት ግን የበለጠውን ወደ ታች ይልከዋል። የጣሪያውን ክብደት ደግሞ በድንጋይ የጎድን አጥንቶች ሰብስበው ወደ ዓምዶች አወረዱት። የተረፈውን የጎን ግፊት በውጭ በኩል የተገነቡ ደጋፊዎች ይቀበላሉ። ሸክሙ በዓምድና በደጋፊ ላይ ስላረፈ ግድግዳው በሰፊው ተከፍቶ በመስታወት ይሞላል። ብርሃኑ የሚገኘው እንዲህ ነው። ግን ሁሉም ነገር የቆመው በሚዛን ነው። አንዱ ዓምድ ከአቅሙ በላይ ከተጫነበት፣ ወይም መሠረቱ ከሰመጠ፣ ጣጣው ለጎረቤቱም ይተርፋል።

በ1392 ሥራውን የተረከበው ኡልሪሽ ፎን ኤንሲንገን ነው። ቀዳሚዎቹ ያሰቡት መካከለኛውና የጎን አዳራሾቹ ተቀራራቢ ቁመት ያላቸው ሕንፃ ነበር። እሱ ይህን ትቶ መካከለኛውን አዳራሽ ሽቅብ ሰደደው፤ ዛሬ 41.6 ሜትር ነው፣ የጎኖቹ ግማሹን ያህል። በምዕራብ በር ላይ ደግሞ አንድ ታላቅ ማማ አቀደ። ኡልሪሽ የተካነ ሰው ነበር፤ ስትራስቡርግም ለራሷ ማማ የጠራችው እሱን ነው። ሆኖም ማማው የሚያርፍበት ግድግዳና መሠረት ለዚያ ሁሉ ክብደት አልበቃም። የጎን አዳራሾቹም ከልክ በላይ ሰፊ ነበሩ፤ መሐሉ ላይ ምንም ደጋፊ የሌለው ሰፊ ቅስት ጣሪያ የመካከለኛውን አዳራሽ ዓምዶች ይገፋቸዋል። ሥራው ከእሱ በኋላ በልጆቹና በዘመዶቹ እጅ ሲቆይ ስሕተቱ አብሮ ወጣ፤ ድንጋይ በድንጋይ ላይ በተጨመረ ቁጥር ዕዳው ጨመረ።

ዕዳው የተጠየቀው በ1492 ነው። ሕዝቡ ጸሎት ላይ እያለ ከማማው ሥር ካለው ጣሪያ ድንጋዮች ወደቁ። መሪ ግንበኛው ማቴዎስ ቦብሊንገር ከተማውን ለቅቆ ሄደ። በእሱ ላይ መፍረድ ይከብደኛል፤ የሰመጠው መሠረት ከእሱ በፊት የተጣለ ነበር። ግን ሸክሙን የተሸከመ ሰው ይጠየቃል፤ ያጎነበሰው የሃይንሪሽ ቅርጽ የሚለውም ይህንኑ ነው።

ምክር ቤቱ ከአውግስቡርግ ቡርክሃርድ ኤንግልበርግን አስመጣ። የኤንግልበርግ ሥራ ከማማው ይልቅ ያስደንቀኛል። መጀመሪያ የማማውን መሠረት አጠናከረ፤ ከማማው ጎን ክፍት የነበሩትን ቅስቶች በግንብ ደፈነ። ቀጥሎ ወደ ጎን አዳራሾቹ ዞረ። እያንዳንዱን አዳራሽ መሐል ለመሐል በቀጫጭን ክብ ዓምዶች ከፈለው፤ አንዱ ሰፊ ጣሪያ ሁለት ጠባብ ጣሪያ ሆነ፣ ግፊቱም ቀነሰ። በ1507 ሲያልቅ ሦስት የነበሩት አዳራሾች አምስት ሆኑ። እነዚያ ዓምዶች ከመካከለኛው አዳራሽ ወፋፍራም ዓምዶች ጎን ሸምበቆ ይመስላሉ። ከላይ ጣሪያው እንደ መረብ ይዘረጋል። አላፊው ጎብኚ ለጌጥ የቆሙ ይመስሉታል፤ እነሱ ግን ጥገና ናቸው። የአደጋ ጠባሳ እንዲህ የሚያምርበት ሌላ ሕንፃ አላውቅም።

ካህናቱና ዘማሪዎቹ የሚቀመጡበት ስፍራ፣ እኛ ቅኔ ማሕሌት ከምንለው ጋር የሚቀራረበው፣ የሌላ ባለ እጅ ርስት ነው። ዮርግ ሲርሊን ከ1469 እስከ 1474 ከእንጨት የጠረባቸው መቀመጫዎች እስከ ዛሬ አሉ። በመቀመጫዎቹ ጫፍ ላይ ከቅዱሳን በፊት የሚገናኙን ፓይታጎረስ፣ ቶለሚ፣ ሲሴሮ ናቸው። ፓይታጎረስ በክራር መሰል መሣሪያው ላይ ተደፍቶ ድምፁን ያዳምጣል። ፊቱ የሐሳብ ሰው ፊት ነው። ክርስቶስ ከመወለዱ በፊት የኖረን ሊቅ በአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ለማስቀመጥ የደፈሩት እነዚሁ ነጋዴዎች ናቸው።

ቀጥሎ የመጣው የሃይማኖት ለውጥ ነው። በ1530 ዜጎቹ ድምፅ ሰጡ፤ ከመቶ 87 ያህሉ ከፕሮቴስታንት ወገን ሆኑ። በቀጣዩ ዓመት ሥዕሎችና በደርዘን የሚቆጠሩ መሠዊያዎች ወጡ። አባቶቻቸው ስማቸውን አስጽፈው ያቆሙትን ልጆቻቸው አወረዱት። የሲርሊን መቀመጫዎች ተረፉ። በ1543 ገንዘብም ፍላጎትም ተሟጦ ግንባታው ቆመ፤ ማማው 100 ሜትር ያህል ላይ ተቆርጦ ሦስት መቶ ዓመት ቆየ።

በ1844 ሥራው እንደገና ሲጀመር ማማውን ወዲያው አልነኩትም። በቅድሚያ መካከለኛውን አዳራሽ ከውጭ የሚደግፉ ተንጠልጣይ ቅስቶችን ሠሩ፤ የጥንቶቹ ያልሠሯቸውን ማለት ነው። ትምህርቱን ከ1492 ቀስመዋል። ለማማው የተከተሉት የቦብሊንገርን የብራና ንድፍ ነው፤ ያ ከከተማው የወጣው ሰው በመጨረሻ በንድፉ ተመለሰ። ይሁንና የዚያ ጊዜው መሪ ግንበኛ አውግስት ባየር ቁመቱን ከንድፉ አስበልጦ ከኮሎኝ ካቴድራል በላይ አደረገው፤ ኩራት በ19ኛው ክፍለ ዘመንም አልሞተም። ሜይ 31 ቀን 1890 የጫፉ ድንጋይ ተቀመጠ። ዲሴምበር 17 ቀን 1944 የአሮጌው ከተማ አብዛኛው ክፍል በቦምብ ሲወድም ቤተ ክርስቲያኑ ብዙም ሳይጎዳ ተረፈ።

በሙኒክ ወይም በሽቱትጋርት የምትኖሩ ወገኖች ኡልም በባቡር ቅርባችሁ ናት። ስትሄዱ 768ቱን ደረጃ ለመውጣት አትቸኩሉ። አስቀድማችሁ ወደ ጎን አዳራሾቹ ግቡና ከእነዚያ ቀጫጭን ዓምዶች አንዱ ሥር ቁሙ፤ ቀና ብላችሁ ጣሪያው የት እንደሚያርፍ ተመልከቱ። ማማው ዛሬ የቆመው ኤንግልበርግ ከላይ ከመጨመር በፊት ከታች ስለጠገነ ነው።