መዝገቡ «ወደቀች» ይላል፤ ለምን ወደቀች?

የዛሬው ጉዳያችን የሐኪም መዝገብና በሰው የመነገድ ወንጀል ነው። (ዓመቶቹ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

እንበልና እዚህ ካሮልተን ውስጥ አንዲት የቤት ሠራተኛ እጇ ተሰብሮ ኢመርጀንሲ ገባች። ያመጣቻት አሠሪዋ ናት፤ የምታስተረጉምላትም እሷው ናት። ሐኪሙ «ምን ሆነሽ ነው?» ሲል አሠሪዋ ቀድማ «ከደረጃ ላይ ወድቃ ነው» ትላለች። መዝገቡ ላይም ይኸው ይጻፋል። ፓስፖርቷን ማን እንደያዘው፣ ደሞዝ አግኝታ ታውቅ እንደሆነ ግን መዝገቡ አያውቅም።

በሰው መነገድ ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን ድንበር ማሻገር ነው። የአሜሪካ የ2000 ሕግ ግን ሰውን በኃይል፣ በማታለል ወይም በማስፈራራት ማሠራትን ጭምር ወንጀል አድርጎታል፤ ድንበር መሻገር ግዴታ አይደለም። የኢትዮጵያ አዋጅ ቁጥር 1178/2012ም (ይህ በእኛ አቆጣጠር ነው) ሁለቱን ለያይቶ ነው ያስቀመጣቸው።

ታዲያ ሐኪም እዚህ ውስጥ ምን አገባው? በ2014 አሜሪካ ውስጥ የታተመ አንድ ጥናት ከወሲብ ንግድ የወጡ ሴቶችን ጠይቆ ነበር። 88 በመቶ ያህሉ ገና በነጋዴዎቹ እጅ እያሉ ሕክምና አግኝተው ነበር። ማለትም አይቷቸዋል፤ አላወቃቸውም።

ሌላው ችግር የሚጻፍበት ቦታ አለመኖሩ ነበር። የአሜሪካ ሆስፒታሎች እያንዳንዱን ሕመምና ጉዳት በኮድ ይመዘግባሉ፤ ለዚህ ወንጀል ግን የተለየ ኮድ አልነበረም። ከኦክቶበር 1 ቀን 2018 ጀምሮ ለግዳጅ ሥራና ለግዳጅ ወሲባዊ ብዝበዛ ለየብቻ፣ «የተረጋገጠ» እና «የተጠረጠረ» ተብሎ ኮድ ወጣ። ቴክሳስም በ2019 ባወጣችው ሕግ፣ በቀጥታ ታካሚ የሚያዩ ባለሙያዎች ፈቃዳቸውን ሲያድሱ ይህን ወንጀል ስለመለየት እንዲሠለጥኑ አስገድዳለች። ኮዱ ከተጻፈ፣ የታካሚው ስም ሳይወጣ ችግሩ የትኛው ዕድሜ ላይ፣ የትኛው አካባቢ እንደበዛ ይታያል። ካልተጻፈ ቁጥሩ ዜሮ ይሆናል፤ ዜሮ ማለት ግን «የለም» ማለት አይደለም።

መዝገብን አሰባስቦ ማንበብ ምን እንደሚያሳይ ከቤሩት እንይ። ሂውማን ራይትስ ዎች ከጃንዋሪ 2007 እስከ ኦገስት 2008 ሊባኖስ ውስጥ የሞቱ ቢያንስ 95 የውጭ አገር የቤት ሠራተኞችን ቆጠረ፤ የእኛ እህቶችም ከመካከላቸው ነበሩ። 40ዎቹ «ራሳቸውን አጠፉ» ተብለው የተመዘገቡ ናቸው። 24ቱ ከፎቅ ወድቀው ነው የሞቱት፤ ብዙዎቹም ከአሠሪ ቤት ሊያመልጡ ሲሞክሩ። በሕመም የሞቱት 14 ብቻ ነበሩ። አንዱን ወረቀት ያየ ሰው «አደጋ ነው» ብሎ ያልፋል። 95ቱን ጎን ለጎን ያስቀመጠ ግን የተዘጋ በር ይታየዋል።

መዝገብ ሁለት አፍ ያለው ሰይፍ መሆኑንም አንርሳ። የታካሚዋን አካውንት በስልኩ የሚከፍተው ያው በዝባዡ ከሆነ፣ የተጻፈው ነገር ለራሷ አደጋ ያመጣባታል። ስለዚህ ምን እንደሚጻፍ ሐኪሙ ከእሷ ጋር ለብቻ መነጋገር አለበት።

የእኛ ድርሻስ? የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል አስተርጓሚ በነጻ ማቅረብ አለበት። «የአማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» ማለት መብት ነው፤ አብሮ የመጣው ሰው ማስተርጎም የለበትም። ለተጎጂዎች ቲ ቪዛ የሚባል ከለላም አለ፤ ወረቀት የለኝም ብሎ ዝም ማለት አያስፈልግም። በመላው አሜሪካ የሚሠራው የእርዳታ ስልክ 1-888-373-7888 ነው፤ ሌሊትም ይነሳል፣ አስተርጓሚም አለው።

ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ ወይም ሱቅ ውስጥ ከሰው ጋር እንዳትነጋገር የምትጠበቅ እህት ካያችሁ ቁጥሩን ለብቻዋ አድርሷት። «ወደቀች» ተብሎ ከመጻፉ በፊት የሚጠይቅ ሰው ያስፈልጋታል።