በማሸጊያው ላይ ያልተጻፈው፦ የስፖርተኞች ተጨማሪ ምግብ ጥራትና ደኅንነት

ከዲላ ወደ ቡሌ ደጋ ሲወጣ ገብስ፣ ባቄላና እንሰት የሚበቅልበት ብርዳማ ከፍታ ይገኛል። ከፍታ ቦታ ለረጅም ርቀት ሩጫ ልምምድ እንደሚያግዝ የታወቀ ነው። በእንዲህ ያለ ስፍራ ሮጦ የራሱንና የቤተሰቡን ሕይወት ለመለወጥ የሚያልም ወጣት፣ አንድ ቀን «ኃይል ይሰጣል» የተባለ የታሸገ ዱቄት ወይም እንክብል ሊቀርብለት ይችላል። ከመቀበሉ በፊት ሊጠይቅ የሚገባው፣ በማሸጊያው ላይ የተጻፈውና በውስጡ ያለው አንድ ስለመሆኑ ነው።

ምርመራው ያሳየው

እ.ኤ.አ. በ2000 እና በ2001 በጀርመን ኮሎኝ የሚገኝ የፀረ-አበረታች ቅመሞች ቤተ ሙከራ ከ13 አገሮች የተገዙ 634 ተጨማሪ ምግቦችን መርምሮ ነበር። ከእነዚህ በ94ቱ፣ ማለትም ከመቶ 15 በሚጠጉት ውስጥ፣ በማሸጊያው ላይ ያልተጠቀሱ ሆርሞን ነክ ቅመሞች ተገኝተዋል።

ይህ የሚሆነው በሁለት መንገድ ነው። አንዳንድ አምራቾች ምርታቸው ፈጥኖ ውጤት እንዲያሳይ የተከለከለውን ቅመም ሆን ብለው ይጨምራሉ። በሌላ በኩል አንድ ማሽን የተከለከለ ቅመም ካመረተ በኋላ በሚገባ ሳይጸዳ ሌላ ምርት ሲሠራበት ቅሪቱ ይቀላቀላል። የዛሬው የሽንት ምርመራ እጅግ ጥቂቱን መጠን ስለሚለይ፣ ትንሽ ብክለት ስፖርተኛውን ለቅጣት ለመዳረግ በቂ ነው።

ተጠያቂው ስፖርተኛው ነው

በዓለም አቀፉ የፀረ-አበረታች ቅመሞች ሕግ መሠረት በሰውነቱ ውስጥ ለተገኘው ማንኛውም ቅመም ተጠያቂው ስፖርተኛው ራሱ ነው። «አላወቅሁም» ማለት ነጻ አያወጣውም፤ እገዳውም እስከ አራት ዓመት ሊደርስ ይችላል። ቅመሙ ከተበከለ ምርት የመጣ መሆኑን ካስረዳ ቅጣቱ ሊቀልለት ይችላል፤ የማስረዳቱ ሸክም ግን የእሱ ነው።

ጃማይካዊው ኔስታ ካርተር ለዚህ ምሳሌ ነው። በ2008ቱ የቤጂንግ ኦሊምፒክ የሰጠው ናሙና ከዓመታት በኋላ እንደገና ሲመረመር ሜቲልሄክሳንአሚን የተባለ አነቃቂ ቅመም ተገኘበት። ካርተር ተጨማሪ ምግቦችን ይወስድ እንደነበር ቢያስረዳም፣ ከእሱ ጋር በ4 በ100 ሜትር ዱላ ቅብብል የሮጠው ዩሴን ቦልት ጭምር እ.ኤ.አ. በ2017 ወርቁን ተነጠቀ።

ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ2016 ዓለም አቀፉ የአትሌቲክስ ፌዴሬሽኖች ማኅበር አሳሳቢ ካላቸው አምስት አገሮች አንዷ ነበረች። ከዚያ ወዲህ ቁጥጥሩንና ትምህርቱን የሚመራ ብሔራዊ ተቋም ተመሥርቶ ዛሬ የኢትዮጵያ ፀረ-አበረታች ቅመሞች ባለሥልጣን በሚል ስያሜ ይሠራል።

ጥራት እንዴት ይረጋገጣል?

አስተማማኙ ዘዴ እያንዳንዱን የምርት ዙር ለገበያ ከመቅረቡ በፊት በገለልተኛ ቤተ ሙከራ መመርመር ነው። «ኢንፎርምድ ስፖርት» የተባለው የማረጋገጫ ምልክት በዚህ መንገድ ይሠራል። ገዢው ምልክቱን ብቻ ሳይሆን፣ በተለምዶ ባች ቁጥር የሚባለው የምርት ዙር ቁጥር በተመረመሩት ዝርዝር ውስጥ መኖሩን ማመሳከር አለበት። የዓለም ፀረ-አበረታች ቅመሞች ኤጀንሲ የትኛውንም ተጨማሪ ምግብ አያጸድቅም፤ «በኤጀንሲው የተፈቀደ» የሚል ማስታወቂያ ሐሰት ነው። ምርመራውም ቢሆን ስጋቱን ይቀንሳል እንጂ ፈጽሞ አያስቀርም።

«ተፈጥሯዊ» ሁሉ ንጹሕ አይደለም

ጫት ካቲን የተባለ አነቃቂ አለው። በውድድር ወቅት በአንድ ሚሊ ሊትር ሽንት ውስጥ ከ5 ማይክሮ ግራም በላይ ከተገኘ ሯጩን ያስቀጣል። የጌዴኦ ቡና ግን አያሰጋም፤ ካፌይን ከተከለከሉ ቅመሞች ዝርዝር የወጣው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው።

ምን ይደረግ?

ለአብዛኛው ወጣት ሯጭ የተመጣጠነ የቤት ምግብ ይበቃዋል። የገብስ በሶና ቆጮ ኃይል ይሰጣሉ፤ ባቄላ፣ ወተትና እንቁላል ጡንቻን ይጠግናሉ። ተጨማሪ ምግብ የግድ ካስፈለገ ሐኪም ያማክር፤ ከመንገድ ሻጭ ወይም ስሙ ከማይታወቅ ሰው አይቀበል፤ ማሸጊያውንና ደረሰኙንም ያስቀምጥ። ወላጆችም ልጃቸው የሚውጠውን ከማን እንዳገኘው ይጠይቁ፤ የዓመታት ልፋት በአንድ እንክብል ሊጠፋ ይችላልና።