የልጅ ፆታ በማን ይወሰናል?

«ይህቺ ሴት ብቻ ነው የምትወልደው» የሚል ወቀሳ ያልሰማ ያለ አይመስለኝም። አስተማሪ ሳለሁ አንዲት የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ከጓደኞቿ ወደኋላ ቀረት ብላ «ኡስታዝ፣ እናቴ አምስት ሴቶች የወለደችው ጥፋቷ ነው እንዴ?» ስትል ጠየቀችኝ። ያን ቀን የመለስኩላትን ለእናንተም ላካፍላችሁ።

በሰው ሴል ውስጥ 46 ክሮሞዞሞች፣ ማለትም 23 ጥንዶች አሉ። ፆታን የሚወስነው አንዱ ጥንድ ነው፤ በሴት ሁለት ኤክስ፣ በወንድ ደግሞ አንድ ኤክስና አንድ ዋይ ነው። ስለዚህ የእናት እንቁላል የሚይዘው ኤክስ ብቻ ነው። ከአባት የዘር ፍሬዎች ግን ግማሽ ያህሉ ኤክስ፣ ግማሽ ያህሉ ዋይ ይይዛሉ። ከእንቁላሉ ጋር የተገናኘው ባለ ኤክስ ከሆነ ሴት፣ ባለ ዋይ ከሆነ ወንድ ይጸነሳል።

በዶሮ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። አውራው ሁለት ዜድ ሲኖረው ሴቷ አንድ ዜድና አንድ ደብሊው አላት። የጫጩቱን ፆታ የሚወስነው የእናቲቱ እንቁላል ነው።

ንቦች ሌላ መንገድ አላቸው። የንግሥቲቱ እንቁላል ከወንድ ዘር ጋር ከተገናኘ ሴት፣ ካልተገናኘ ድንጉላ ይሆናል። ድንጉላ አባት የለውም ማለት ነው።

የባሕር ኤሊ ደግሞ የፆታ ክሮሞዞም የላትም። ወሳኙ እንቁላሎቿ የተቀበሩበት አሸዋ ሙቀት ነው። በ29 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ወንዱም ሴቱም ይፈለፈላል፤ አሸዋው ከዚያ በላይ ሲሞቅ ሴቶቹ፣ ሲቀዘቅዝ ወንዶቹ ይበዛሉ። በ2018 ይፋ የሆነ ጥናት በአውስትራሊያ የታላቁ ባሪየር ሪፍ ሰሜናዊ ክፍል ከሚገኙት ወጣት አረንጓዴ ኤሊዎች ከ99 በመቶ በላይ ሴቶች መሆናቸውን አሳይቷል። የዓለም ሙቀት በዚሁ ከቀጠለ ወንድ እንዳይጠፋ ተመራማሪዎች ይሰጋሉ።

ወደ ተማሪዬ ልመለስ። በሰው ልጅ ልዩነቱ የሚመጣው ከአባት በኩል መሆኑን ስነግራት ፊቷ ፈካ። «ለአባቴ ልንገረው?» አለችኝ።

«ንገሪው፤ ግን እሱም መርጦ እንዳልሰጠ ጨምረሽ ንገሪው» አልኳት።

እናትም አባትም የማይመርጡት ነገር ነው። በዚህ ምክንያት አንዲትን እናት መውቀስ፣ ትዳሯንም ማናጋት በደል ነው። ሴት ልጆችም ቤታቸው ውስጥ ይህን ወቀሳ እየሰሙ ማደግ የለባቸውም።