ሊኑክስና ዊንዶውስ ፋይል ሼር ማድረግ ሲያቅታቸው

በአንድ ኔትወርክ ላይ ያሉ የሊኑክስና የዊንዶውስ ኮምፒውተሮች ፎልደር ሼር የሚያደርጉት አብዛኛውን ጊዜ ኤስኤምቢ በተባለ ፕሮቶኮል ነው። በሊኑክስ በኩል ሥራውን የሚይዘው ሳምባ የተባለ ነጻ ሶፍትዌር ነው። የመጀመሪያውን እትም አንድሪው ትሪጅል እ.ኤ.አ. በ1992 መጀመሪያ ላይ፣ በአውስትራሊያ ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ተማሪ ሳለ፣ በመስመሩ ላይ የሚመላለሰውን መልእክት እያጠና ጽፎ አወጣው።

ግንኙነቱ እምቢ ሲል ዊንዶውስ የሚያወጣው መልእክት ብዙም አይረዳም። «የኔትወርኩ መንገድ አልተገኘም» ሲል ገመዱ ተነቅሎ፣ ፋየርዎል ዘግቶ ወይም የፕሮቶኮሉ እትም ሳይጣጣም ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከመስመሩ ተነሥቶ እስከ ፋይሉ ፈቃድ ድረስ አንድ በአንድ እያጣሩ መሄድ ይሻላል።

መጀመሪያ የሚለየው፣ ኮምፒውተሩ ጠፍቷል ወይስ በኔትወርኩ የኮምፒውተሮች ዝርዝር ላይ ብቻ አልታየም የሚለው ነው። የሊኑክሱ አድራሻ ለምሳሌ 192.168.1.20 ከሆነ፣ በዊንዶውስ የፋይል መስኮት አናት ላይ \\192.168.1.20 ብሎ መጻፍ ነው። ፎልደሩ ከተከፈተ ችግሩ የስም ፍለጋ ብቻ ነው። የድሮው የኮምፒውተሮች ዝርዝር ከፕሮቶኮሉ አሮጌ እትም ከኤስኤምቢ 1 ጋር አብሮ ስለቀረ፣ አንድ ሰርቨር ዝርዝሩ ላይ ሳይታይ በትክክል ሊሠራ ይችላል። ካልተከፈተ ግን ፒንግ ይሞከራል። የዊንዶውስ ፋየርዎል ራሱ ፒንግን ሊያግድ ስለሚችል ዝምታው ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ቁም ነገሩ የ445 ፖርት መከፈቱ ነው፤ ሊኑክሱ ላይ ፋየርዎሉ ሳምባን እንዲያሳልፍ መፍቀድ፣ ፎልደሩ ዊንዶውስ ላይ ከሆነ ደግሞ ኔትወርኩ «ፐብሊክ» ተብሎ እንዳልተመዘገበ ማየት ያስፈልጋል።

መስመሩ ክፍት ሆኖ እምቢ ካለ የእትሙ ተራ ነው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2017 ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ በኤስኤምቢ 1 ቀዳዳ ገብቶ በብዙ አገሮች ኮምፒውተሮችን ከቆለፈ በኋላ፣ በዚያው ዓመት መጨረሻ አካባቢ የወጣው ዊንዶውስ 10 ይህን እትም ሳይጭን መጣ፤ ሳምባም በ2019 በ4.11 እትሙ ዘጋው። አሮጌ ስካነሮችና የፋይል ማከማቻዎች ድንገት የተቆራረጡት በዚህ ምክንያት ነው። ብዙ ባለሙያ ኤስኤምቢ 1ን መልሶ ከፍቶ ይገላገላል፤ አንድ አሮጌ ዕቃ ለማዳን ሲባል መላው ቢሮ ይጋለጣል። የሚሻለው የዕቃውን ሶፍትዌር ማደስ ወይም ዕቃውን መተካት ነው።

ብዙ ሰዓት የሚፈጀው ግን ፓስወርዱ ነው። ሳምባ የራሱ የፓስወርድ መዝገብ አለው። ተጠቃሚው ሊኑክሱ ላይ አካውንት ቢኖረውም፣ በሳምባ መዝገብ ላይ ለብቻው ካልገባ ትክክለኛውን ፓስወርድ እየጻፈ «ስህተት ነው» ይባላል። ፎልደሩ ያለው ዊንዶውስ ላይ ከሆነ ደግሞ ሰውየው በየቀኑ ኮምፒውተሩን የሚከፍትበት ፒን በኔትወርክ አያገለግልም፤ የሚፈለገው የአካውንቱ ፓስወርድ ነው። ዊንዶውስ ቀድሞ ያስቀመጠውን የተሳሳተ ስም በዝምታ የሚልክበት ጊዜም አለ። ወደ አንድ ሰርቨር በሁለት የተለያዩ ስሞች በአንድ ጊዜ መግባትም አይፈቅድም፤ የቀደመው ግንኙነት ካልተቋረጠ አዲሱ አይቀጥልም። ያለ ፓስወርድ በእንግድነት መግባትም እየቀረ ነው፤ በ2024 የወጣው የዊንዶውስ 11 ፕሮ ማሻሻያ ግንኙነቱ በዲጂታል ፊርማ እንዲረጋገጥ ይጠይቃል፣ እንግዳ ደግሞ መፈረሚያ የለውም።

ገብቶ ፋይል ማስቀመጥ ያቃተው ሰው ችግሩ ፈቃድ ነው። ሳምባ ላይ «መጻፍ ይቻላል» መባሉ አይበቃም፤ ሊኑክሱም በፋይሉ ላይ መፍቀድ አለበት፣ ከሁለቱ ጥብቁ ያሸንፋል። ሼር የተደረገው ፎልደር ሰፊ ፈቃድ ኖሮት በላዩ ያለው ፎልደር ማለፊያ ሲከለክል ነገሩ በቀላሉ አይታይም። ከ21.04 ጀምሮ ኡቡንቱ የአዲስ ተጠቃሚን ሆም ፎልደር ለሌሎች ዝግ አድርጎ ይፈጥራል። ፌዶራ ላይ ደግሞ ኤስኢ ሊኑክስ የተባለው ጥበቃ ፎልደሩ የሳምባ መለያ ካልተሰጠው ያግዳል፤ ጥበቃውን ጨርሶ ከማጥፋት መለያውን መስጠት ይቀላል።

አንዳንዴ ሁሉም ሠርቶ አንድ ሁለት ፋይል ብቻ እንግዳ ስም ይዞ ይታያል። ሊኑክስ በፋይል ስም ውስጥ እንደ 10:30 ያለ ሁለት ነጥብ ይቀበላል፣ ዊንዶውስ አይቀበልም፤ ሳምባ ስሙን ለውጦ ያሳያል። ፋይሉን ሊኑክሱ ላይ በሌላ ስም ማስቀመጥ በቂ ነው።