ያልተነዳ መኪና ለምን ያረጃል?

ያገለገለ መኪና ለመግዛት የተነሣ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ስንት ኪሎ ሜትር ሄዷል?» ብሎ ነው። ቁጥሩ ትንሽ ከሆነ ልቡ ይረጋል፤ ትልቅ ከሆነ ዋጋ ለማስቀነስ ይከራከራል። ይህ ልማድ ለሚኒባስ ታክሲ ወይም ለጭነት መኪና በግምትም ቢሆን ያስኬዳል፤ ከማለዳ እስከ ምሽት የሚሠራ ተሽከርካሪ በአመዛኙ የሚያረጀው በሥራ ነውና። ለስፖርት መኪና ግን ይኸው ቁጥር ብቻውን ሲወሰድ ገዢውን ያሳስታል። ለምን እንደሚያሳስት በዚህ ጽሑፍ ከፊዚክስና ከኬሚስትሪ አኳያ ለማስረዳት እንሞክራለን።

ለምሳሌ ያህል እ.ኤ.አ. በ1999 የተሠራ አንድ ፖርሽ 911 እንውሰድ። ፋብሪካው ይህን ትውልድ 996 በሚል ቁጥር ይጠራዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1997 ለገበያ የቀረበ ሲሆን፣ ሞተሩ በአየር ሳይሆን በውኃ የሚቀዘቅዝ የመጀመሪያው 911 ነው። ለትምህርት በቆየሁባት ጀርመን የዚህ ዓይነት መኪና ባለቤቶች ብዙዎቹ በበረዶው ወራት መኪናቸውን አያወጡም፤ መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ብረት ይበላልና። እንዲያውም በዚያች አገር እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ «የወቅት ሰሌዳ» የሚባል አለ። መኪናው ከስንተኛው ወር እስከ ስንተኛው ወር መንገድ ላይ መውጣት እንደሚፈቀድለት በሰሌዳው ጠርዝ ላይ ታትሞ ይታያል። ሻጮችም በማስታወቂያቸው መኪናው በረዶ አይቶ እንደማያውቅ በኩራት ይገልጻሉ።

እንበልና ይህ መኪና በ25 ዓመት ውስጥ 60,000 ኪሎ ሜትር ሄዷል። አማካይ ፍጥነቱን በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ብናደርገው ሞተሩ የሠራው 1,000 ሰዓት ብቻ ነው። 25 ዓመት ግን ወደ 219,000 ሰዓት ይጠጋል። ስለዚህ መኪናው ከዕድሜው ከ99 በመቶ በላይ የሆነውን ያሳለፈው ቆሞ ነው። የኪሎ ሜትር ቆጣሪው የሚመሰክረው ስለ አንድ ሺሁ ሰዓት ነው፤ ስለ ቀሪው 218,000 ሰዓት አንዳች አይነግረንም። አዲሱ ባለቤት ከግዢ በኋላ የሚገጥመው የጥገና ጣጣ በአብዛኛው የሚመነጨው ከዚህ ካልተቆጠረው ጊዜ ነው።

ጎማው

ጎማ የተሠራው በሰልፈር አማካይነት እርስ በርሳቸው ከተሳሰሩ ረጃጅም ሞለኪውሎች ነው። የመለጠጥና ወደ ነበረበት የመመለስ ጠባዩ የሚመጣው ከዚህ ትስስር ነው። በአየር ውስጥ ያለው ኦክስጅን ግን ቀስ በቀስ ወደ ጎማው እየሠረገ አዳዲስ ትስስሮችን ይፈጥራል፤ አንዳንድ ሰንሰለቶችንም ይበጥሳል። ውጤቱ መድረቅና መሰንጠቅ ነው። ይህ ኬሚካዊ ሂደት መኪናው መሄዱን ወይም መቆሙን አይጠይቅም።

የሂደቱን ፍጥነት የሚወስነው ሙቀት ነው። ስዊድናዊው ስቫንቴ አሬንየስ እ.ኤ.አ. በ1889 እንዳሳየው የኬሚካዊ ለውጥ ፍጥነት ከሙቀት ጋር የሚያድገው በኤክስፖኔንሻል ሕግ ነው። ከዚህ የተገኘው የተለመደ ግምት ሙቀት በ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጨምር ፍጥነቱ ቢያንስ ወደ ሁለት እጥፍ ያድጋል ይላል። በዚህ ስሌት 20 ዲግሪ ባለበት ቤት ውስጥ የኖረ ጎማና በባሕረ ሰላጤው አገሮች 40 ዲግሪ ሙቀት ላይ የኖረ ጎማ እኩል ዕድሜ ቢኖራቸውም፣ ሁለተኛው አራት እጥፍ በሚሆን ፍጥነት አርጅቷል ማለት ነው።

በዚህ ላይ አንድ አስገራሚ ነገር ይጨመራል። አምራቾች ጎማውን ከኦዞን ለመከላከል በውስጡ ሰም መሰል ንጥረ ነገር ይቀላቅላሉ። ጎማው እየተሽከረከረ ሲለጠጥና ሲታጠፍ ይህ ንጥረ ነገር ወደ ገጽታው እየወጣ ቀጭን ሽፋን ይሠራል። ለረጅም ጊዜ የቆመ ጎማ ግን ይህን ጥበቃ በበቂ መጠን አያገኝም። ስለዚህ ማቆም ጎማን ያቆያል የሚለው እምነት ከእውነቱ ጋር ይጋጫል።

አደጋው የት ላይ ነው? መኪና ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ሳይንሸራተት ሊታጠፍ የሚችልበት ከፍተኛ ፍጥነት የሚገኘው የሰበቃውን ንጽጽር፣ የመሬት ስበትን ፍጥንጥነትና የመታጠፊያውን ሬዲየስ አባዝተን ስኩዌር ሩት ስናወጣለት ነው። ሬዲየሱ 100 ሜትር፣ የአዲሱ ጎማ የሰበቃ ንጽጽር 1.0 ይሁን፤ ወሰኑ በሰዓት ወደ 113 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ጎማው ደርቆ ንጽጽሩ ወደ 0.7 ቢወርድ ወሰኑ ወደ 94 ኪሎ ሜትር ዝቅ ይላል። የጠፋውን 19 ኪሎ ሜትር ነጂው በዓይኑ አያየውም፤ የጎማው ጥርስ አሁንም ጥልቅ ነውና። በአውሮፓ ሕግ የሚጠየቀው ጥርሱ ቢያንስ 1.6 ሚሊ ሜትር ጥልቀት እንዲኖረው ነው፤ ለግል መኪና ጎማ የዕድሜ ጣሪያ አልተቀመጠም። ጥቂት የተነዳ መኪና ደግሞ ጥርስ አያልቅበትም።

ብዙ ወጣቶች «ፋስት ኤንድ ፊውሪየስ» በተሰኙት ፊልሞች የሚያውቁት ተዋናይ ፖል ዎከር እ.ኤ.አ. ኅዳር 30 ቀን 2013 በካሊፎርኒያ የሞተው ጓደኛው በሚያሽከረክረው ፖርሽ ካሬራ ጂቲ ውስጥ ነበር፤ ጓደኛውም አብሮ ሞቷል። የሎስ አንጀለስ ወረዳ ፖሊስ መርማሪዎች የአደጋው ምክንያት ከልክ ያለፈ ፍጥነት መሆኑን ደምድመዋል፤ ግምታቸው በሰዓት ከ130 እስከ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን የመንገዱ ወሰን 72 ኪሎ ሜትር ብቻ ነበር። ሪፖርታቸው ግን ሌላም ነገር ይጠቅሳል፦ ጎማዎቹ ዘጠኝ ዓመት ገደማ የሆናቸው ስለነበሩ የመኪናውን አያያዝ ሳያዛቡት አልቀሩም። ያ መኪና ከ600 በላይ የፈረስ ጉልበት ያለውና መንሸራተትን የሚያርም የኤሌክትሮኒክስ መቆጣጠሪያ ያልተገጠመለት ነበር። ጥፋቱን ሁሉ በጎማው ላይ መጫን ስሕተት ይሆናል። ይሁንና ገዢ የጎማውን ዕድሜ እንዲያነብ ከዚህ የበለጠ ምን ይገፋፋዋል?

ማንበቡ ቀላል ነው። ዲ፣ ኦ እና ቲ በሚሉት የላቲን ፊደላት በሚጀምረው የጎማ ጽሑፍ መጨረሻ ላይ አራት አኃዞች አሉ። 2319 ቢል በ2019 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። ሦስት አኃዝ ብቻ ካለው የተሠራው ከ2000 በፊት ስለሆነ ሌላ ምርመራ አያስፈልገውም፤ ይጣል።

ፍሬኑ

ሹፌሩን ጨምሮ 1,400 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ሲሄድ የእንቅስቃሴ ኢነርጂው ወደ 540 ኪሎ ጁል ነው። በ200 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ግን ሁለት እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ፣ ማለትም 2,160 ኪሎ ጁል ይሆናል። ለማቆም ስንፈልግ ይህ ሁሉ ወደ ሙቀትነት ይለወጣል። አራቱ የብረት ዲስኮች በድምሩ 32 ኪሎ ግራም ቢመዝኑና ሙቀቱን ሁሉ ቢወስዱ፣ ከ200 ኪሎ ሜትር አንድ ጊዜ ማቆም ብቻ ዲስኮቹን በ145 ዲግሪ ገደማ ያሞቃቸዋል። ሳይቀዘቅዙ ሁለቴ ሦስቴ ከተደጋገመ ሙቀቱ ወደ ፍሬን ዘይቱ መሻገሩ አይቀርም።

በተለምዶ «የፍሬን ዘይት» እንበለው እንጂ ፈሳሹ በእርግጥ ዘይት አይደለም፤ ውኃን የሚስብ የግላይኮል ውሁድ ነው። በጎማ ቱቦዎቹና በማጠራቀሚያው ክዳን በኩል ከአየር ውስጥ እርጥበት ይጠጣል፤ ይህንንም የሚያደርገው መኪናው ቆሞም ነው። ዶት 4 የሚባለው ደረጃ ፈሳሹ አዲስ ሲሆን ከ230 ዲግሪ በታች እንዳይፈላ ያስገድዳል፤ 3.7 በመቶ ያህል ውኃ ሲጠጣ ግን የሚፈቀደው ዝቅተኛ የመፍያ ነጥብ 155 ዲግሪ ነው። እነዚህ ቁጥሮች የተሰጡት በባሕር ጠለል ላይ ላለ የአየር ግፊት ስለሆነ በደጋ አገር ትንሽ ዝቅ ይላሉ። ፈሳሹ ሲፈላ እንፋሎት ይፈጠራል፤ ፈሳሽ በግፊት አይጨመቅም፣ እንፋሎት ግን ይጨመቃል። ነጂው ፔዳሉን ሲረግጥ እግሩ እስከ ወለሉ ይወርዳል፤ መኪናው ግን አይቆምም። ብዙ አምራቾች ፈሳሹ በየሁለት ዓመቱ እንዲቀየር የሚያዙት በዚህ ምክንያት ነው፤ በኪሎ ሜትር አይለኩትም።

ይህ የባለጸጋ መኪና ጉዳይ ብቻ እንዳይመስል አንድ የአገራችንን ምሳሌ እንጨምር። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርድ መኪና ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይጓዛል። ክብደቱ ያው 1,400 ኪሎ ግራም ቢሆን በ1,000 ሜትር ብቻ የሚለቀቀው ኢነርጂ 13,700 ኪሎ ጁል ያህል ነው፤ ከ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት 25 ጊዜ ያህል ከማቆም ጋር እኩል ማለት ነው። ነባር ሾፌሮች በከባድ ማርሽ የሚወርዱት የዚህን ኢነርጂ ከፊል ሞተሩ እንዲወስደው ነው።

ሞተሩ

በሞተር ላይ ደግሞ የኪሎ ሜትር ቆጣሪው ሌላ ድክመት ይታያል፤ ሁሉንም ኪሎ ሜትር እኩል ይቆጥራል። በ996 የመጀመሪያው 3.4 ሊትር ሞተር ፒስተኑ ከላይ እስከ ታች የሚጓዘው 78 ሚሊ ሜትር ነው። በደቂቃ 2,500 ዙር ሲዞር የፒስተኑ ፍጥንጥነት በቀላል ስሌት 2,700 ሜትር በሰከንድ ስኩዌር ይጠጋል፤ በወሰኑ በ7,300 ዙር ግን ወደ 22,800 ይደርሳል። ዙሩ ሦስት እጥፍ እንኳ ሳይሞላ ፍጥንጥነቱ ስምንት እጥፍ ተኩል አድጓል። ፒስተኑ ግማሽ ኪሎ ግራም ቢመዝን የሚያስፈልገው ኃይል ከአንድ ቶን ክብደት ይበልጣል፤ ይህም በአንድ ዙር ውስጥ አቅጣጫውን እየለዋወጠ ነው። ዘይቱ ሳይሞቅ እንዲህ የተነዳ አንድ ኪሎ ሜትርና በአውራ ጎዳና በእርጋታ የተነዳ አንድ ኪሎ ሜትር በቆጣሪው ላይ አይለዩም።

ብዙ ማቆምና አጭር ጉዞ በበኩላቸው ዘይቱን ያበላሻሉ። አንድ ሊትር ቤንዚን ተቃጥሎ ሲያልቅ ከአንድ ሊትር በትንሹ የሚበልጥ ውኃ በእንፋሎት መልክ ይወጣል። አብዛኛው በጭስ ማውጫ ይሄዳል፤ ጥቂቱ ግን በፒስተኑ ዙሪያ ሾልኮ ወደ ዘይቱ ይገባል። ሞተሩ በደንብ ከሞቀ ተመልሶ ይተንናል። «እንዳይታመም» ተብሎ በሳምንት አንድ ጊዜ ለአምስት ደቂቃ የሚነሣ መኪና ግን ውኃውን እያጠራቀመ፣ ከአሲድ ጋር ቀላቅሎ ይተኛል። በእኔ አስተያየት ይህ ደግነት ጨርሶ ካለማስነሣት የከፋ ነው።

ለዚህ የ996 እና ቦክስተር የተባለው ታናሽ ወንድሙ ታሪክ ጥሩ ማስረጃ ነው። በሞተራቸው ውስጥ ሰንሰለቶችን የሚያንቀሳቅስ መካከለኛ ዘንግ አለ፤ አንዱ ጫፉ የተቀመጠው መካኒኮቻችን ኩሽኔታ በሚሉት፣ ግራሶ ተሞልቶ በታሸገ ባለኳስ ማሽከርከሪያ ላይ ነው። በሰፊው ተቀባይነት ያገኘው ማብራሪያ እንዲህ ይላል፦ የማሸጊያው ጎሚኒ በዘመን ብዛትና በሙቅ ዘይት ይደርቃል፤ ዘይት ሾልኮ ገብቶ ግራሶውን ያጥበዋል፤ ኩሽኔታው ያለ በቂ ቅባት ይቀራል። ሲሰበር የሰንሰለቱ ቅንጅት ይዛባል፤ ቫልቮችና ፒስተኖች ይጋጫሉ፤ ሞተሩም ያበቃለታል። ከግንቦት 2001 እስከ የካቲት 2005 እ.ኤ.አ. የተሠሩትን መኪኖች በሚመለከት በአሜሪካ የቀረበው የጋራ ክስ የተቋጨው በስምምነት ሲሆን፣ በካሊፎርኒያ የሚገኘው የፌዴራል ፍርድ ቤት በጥር 2014 አጽድቆታል። በ2008 እ.ኤ.አ. የቀረበው አዲስ ሞተር ይህ ዘንግ የለውም።

ችግሩ የሚገጥመው ጥቂቶቹን እንጂ ሁሉንም መኪኖች አይደለም። ሆኖም የሚሰጠው ትምህርት ከኪሎ ሜትር ጋር የሚቃረን ነው፦ በሙያው የቆዩ ብዙ መካኒኮች አዘውትሮ የተነዳና ዘይቱ ቶሎ ቶሎ የተቀየረ መኪና ጋራዥ ውስጥ ከተኛው ይሻላል ይላሉ። እኔም 150,000 ኪሎ ሜትር ሄዶ የሰርቪስ ደብተሩ የተሟላ መኪና፣ 40,000 ሄዶ ደብተር ከሌለው ይልቅ እመርጣለሁ።

ገዢው ታዲያ ምን ያድርግ? ጎማና የፍሬን ፈሳሹን ወዲያው ይቀይር፤ ዋጋቸው ከመኪናው ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው። ባትሪውን፣ የራዲያተር ቱቦዎችንና ጎሚኒዎችን ያስፈትሽ። ኩሽኔታው ያለው ከፍሪሲዮኑ በስተጀርባ ስለሆነ ፍሪሲዮን ሊቀየር ካምቢዮው ሲወርድ አብሮ መቀየሩ ተመራጭ ነው፤ የጉልበቱ ዋጋ አንዴ ተከፍሏልና። የመጀመሪያው የዘይት ለውጥ ሲደረግ ደግሞ አሮጌው ፊልትሮ አይጣል። ተቆርጦ ወረቀቱ ተዘርግቶ ይታይ፤ ማግኔትም ይጠጋው። ማግኔት የማይስበው ቡናማ የፕላስቲክ ቅንጣት ብዙውን ጊዜ ከሰንሰለት መሪው የመጣ ነው። የሚያብለጨልጭና በማግኔት የሚሳብ ብናኝ ከተገኘ ግን ኩሽኔታውን ጨምሮ አንድ የብረት አካል እየተፈጨ ሊሆን ስለሚችል ምንጩ እስኪታወቅ ሞተሩ አይነሣ።