ከ28ኛው ቀን እስከ 28ኛው ሳምንት

ከወላይታ ሶዶ የአርባ ምንጭን አስፋልት ይዞ የሚወርድ መንገደኛ ብዙም ሳይቆይ ጠበላ ይደርሳል፤ የሁምቦ ወረዳ ዋና ከተማ። የሁምቦ ስም ባሕር የተሻገረው በደኗ ነው። ተራቁተው የኖሩት ተራሮቿ ከጉቶ እያቆጠቆጡ ከ2,700 ሄክታር በላይ መልሰው በመሸፈናቸው እ.ኤ.አ. በ2009 በተባበሩት መንግሥታት የካርበን ሥርዓት ተመዝግበዋል። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ግን ከተራራው ግርጌ፣ ከምርመራ አልጋው ዘንድ ነው። ነፍሰ ጡሯ ተኝታለች፤ ሆዷ ላይ ቀዝቃዛው ቅባት ተቀብቷል፤ እስከ አሁን ሲያጫውታት የነበረው ባለሙያ ስክሪኑ ላይ ዓይኑን ተክሎ ዝም ብሏል። ከዚያ በኋላ ምን ይሆናል?

በአገራችን ለእንዲህ ያለው ዝምታ ምክንያት ከሚሆኑት ከባድ የፅንስ ችግሮች አንዱ የነርቭ ዘንግ ክፍተት ነው። አንጎልና አከርካሪ የሚሠሩበት ዘንግ ሲጀመር ጠፍጣፋ ነው፤ ቀስ በቀስ ተጠቅልሎ ቱቦ ይሆንና በተፀነሰ በ28ኛው ቀን ገደማ ከላይም ከታችም ይዘጋል። በዚያን ቀን አብዛኛዋ ሴት የወር አበባዋ ሁለት ሳምንት ያህል እንደዘገየ ብታውቅ ነው። ዘንጉ ከላይ ሳይዘጋ ከቀረ የራስ ቅሉና አብዛኛው አንጎል አይሠሩም፤ ሐኪሞች አኔንሴፋሊ ይሉታል። ከታች ሳይዘጋ ከቀረ ደግሞ ጀርባ ላይ ነርቩ ተጋልጦ ይቀራል፤ ስፓይና ቢፊዳ፣ በተለምዶ የጀርባ ክፍተት የሚባለው ነው።

ቁጥሩ ያስደነግጣል። በትግራይ ሆስፒታሎች ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት ከ14,903 ወሊዶች መካከል በ195ቱ ላይ ይህንን ችግር አግኝቷል፤ ከ10,000 ወደ 131 ገደማ መሆኑ ነው። በዚያው ዓመት በአዲስ አበባ ሦስት የማስተማሪያ ሆስፒታሎች ላይ የወጣው ጥናትም 126 አድርሶታል። ከባድ ሕመም ያለበት ሁሉ ወደ ትልልቅ ሆስፒታሎች ስለሚላክ ቁጥሩ ከመንደሩ እውነታ ከፍ ብሎ ሊሆን ይችላል። ቢሆንም ችግሩን የሚከላከለው ቫይታሚን፣ ፎሊክ አሲድ፣ ዱቄት ላይ በግዴታ ከሚጨመርባት አሜሪካ ጋር ሲተያይ፣ እዚያ ከ10,000 ከ10 በታች ነውና፣ ልዩነቱ በሆስፒታል ምርጫ ብቻ የሚብራራ አይደለም።

ነገሩን ከባድ የሚያደርገው አንድ ስሕተት አለ፤ ሁለቱን ችግሮች «አካል ጉዳተኛ ነው» በሚል አንድ ቃል መጠቅለል። አኔንሴፋሊ ሕክምና የለውም። ብዙዎቹ ሞተው ይወለዳሉ፤ በሕይወት የተወለዱትም በሰዓታት፣ ቢበዛ በጥቂት ቀናት ውስጥ ያርፋሉ። የጀርባ ክፍተት ያለበት ልጅ ግን ከተወለደ በኋላ ባሉት ሁለት ሦስት ቀናት ውስጥ ጀርባው በቀዶ ሕክምና ከተዘጋለትና ጭንቅላቱ ውስጥ የሚጠራቀመው ውሃ መውጫ ከተበጀለት ሊያድግ፣ ሊማር፣ ሊሠራ ይችላል። ቤተሰቡ ፊት የሚቀርበው ጥያቄም ይለያያል። የመጀመሪያው «ልጃችንን እንዴት እንሸኘው?» ነው፤ ሁለተኛው «እንዴት እናሳድገው?» ሁለቱ ሲደባለቁ መዳን የሚችል ልጅ የያዘች እናት ተስፋ ትቆርጣለች፤ የማይድን የያዘችው ደግሞ እስከ ምጥ ድረስ በባዶ ተስፋ ትቆያለች።

የምርመራው ጥራት እዚህ ላይ ይመጣል። አኔንሴፋሊ በሠለጠነ ዓይን ከ14ኛው ሳምንት ጀምሮ ይታያል፤ የራስ ቅሉ ክብ መስመር ሊኖርበት በሚገባው ቦታ የለም። የጀርባ ክፍተት ረቂቅ ስለሆነ ከ18 እስከ 22 ሳምንት ባለው ጊዜ፣ ጊዜ ተወስዶ፣ አከርካሪው አጥንት በአጥንት መፈተሽ አለበት። ሐኪሞቹ መጀመሪያ የሚይዙት ፍንጭ ብዙ ጊዜ ጀርባው ላይ ሳይሆን ጭንቅላቱ ላይ ነው፤ ግንባሩ በሁለቱም ወገን ገባ ብሎ ጭንቅላቱ ሎሚ ይመስላል፤ ትንሹ አንጎል ወደ ታች ተስቦ እንደ ሙዝ ይታጠፋል። በሕክምና መጻሕፍትም ስማቸው የሎሚ ምልክትና የሙዝ ምልክት ነው። በጤና ጣቢያ አዋላጅ ነርሷ የምትይዘው ትንሽ አልትራሳውንድ ግን የተሰጣት ለሌላ ሥራ ነው፦ ፅንሱ በሕይወት መኖሩን፣ አንድ ይሁን መንታ፣ አቀማመጡንና የእንግዴ ልጁን ቦታ ለማየት። «አልትራሳውንድ ታይቻለሁ፤ ደህና ነው ተብያለሁ» የምትል እናት እውነቷን ነው፤ ለጉድለት ፍተሻ ግን አልታየችም።

ደግሞስ መቼ ትመጣለች? እ.ኤ.አ. በ2019 በተደረገው አነስተኛው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በአገሪቱ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የእርግዝና ክትትል የጀመሩት 28 በመቶ ብቻ ነበሩ። አራትና ከዚያ በላይ ጊዜ የታዩት 43 በመቶ፣ በጤና ተቋም የወለዱት 48 በመቶ ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት አንድ አልትራሳውንድ ከ24ኛው ሳምንት በፊት ይሁን ይላል። ከአባያ ሐይቅ ወገን ካለ የቆላ ቀበሌ የምትነሣ ሴት ከጤና ኬላ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያም በሪፈር ወረቀት ሶዶ ወደሚገኘው የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል፣ ነዋሪው ዛሬም ኦቶና ወደሚለው፣ እስክትደርስ ሆዷ ገፍቶ ሊሆን ይችላል። የነርቭ ቀዶ ሐኪም ያስፈልጋል ከተባለ መንገዱ ወደ ሐዋሳ ወይም ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ወደ አዲስ አበባ ይቀጥላል።

ከባድ ጉድለት ያለበትን ፅንስ ስለማቋረጥ ሕጉ ከብዙዎቹ የአፍሪካ አገሮች ቀድሞ ተናግሯል። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 551 ፅንስ ማቋረጥ የማያስቀጣባቸውን ሁኔታዎች ሲዘረዝር ፅንሱ የማይድንና ከባድ ጉድለት ያለበት መሆኑን ከአስገድዶ መድፈርና ከእናት ጤና ጋር አስፍሮታል። የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣውና በ2014 ባሻሻለው መመሪያ የጉድለቱን ምንነት የሚወስነው መርምሮ ያረጋገጠው ሐኪም ነው፤ መፈጸም የሚቻለውም ከመጨረሻው የወር አበባ ተቆጥሮ 28 ሳምንት እስኪሞላ ነው። ፈቃዱ የሚጠየቀው ከእናትዮዋ ነው። አማቷ፣ ባሏና የሰፈሩ ሽማግሌ ሊመክሯት ይችላሉ፤ ሕጉ ግን ድምፅ አልሰጣቸውም።

ስለዚህ በ28ኛው ቀን የሆነው ነገር እስከ 28ኛው ሳምንት ካልታወቀ ምርጫ የሚባል ነገር የለም። በከተማው ጭቅጭቁ «ማቋረጥ ትክክል ነው ወይስ አይደለም» የሚል ነው። በሁምቦ ግን ለብዙዋ ሴት ይህን የወሰነላት ዘግይታ መድረሷ ነው፤ ማንም ሳይጠይቃት።

በጊዜ የደረሰችው ደግሞ ከባዱ ውሳኔ ይጠብቃታል። ወላይታ የቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን ሥር የሰደደበት ምድር ነው፤ ቤተ ክርስቲያኑን የተከሉት ሚሲዮናውያን እ.ኤ.አ. በ1928 ነው ሶዶ የገቡት። ከወንጌላውያኑ ጎን ኦርቶዶክሳውያንም አሉ። በሁለቱም ዘንድ ፅንስ ነፍስ ያለው ነው፤ ማስወረድም ኃጢአት ተብሎ ይሰበካል። እርግዝናውን ለመቀጠል የምትወስን እናት ይህን ስታደርግ ሐኪሙ ያላትን ሳትሰማ ቀርታ ላይሆን ይችላል። ልጇን ለማየት፣ ስም ለማውጣት፣ በወጉ ለመቅበር ትፈልጋለች። ኦርቶዶክሳዊት ከሆነች ጥምቀትም አለ፤ ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን የሚጠመቁት ሕፃኑ የሚቆይ ሲሆን ነው፤ ለሞት የሚያሰጋ ከሆነ ቀኑ አይጠበቅም። ይህንን የሚያውቅ ሐኪም ቄሱ ቀደም ብሎ እንዲነገረው ሊመክራት ይችላል። እንዲህ ያለው ምክር ወጪ የለውም፤ የሚያስብበት ሰው ግን ጥቂት ነው።

መቀጠል ለሰውነትም ዋጋ አለው፤ ይህ በግልጽ ሊነገራት ይገባል። አኔንሴፋሊ ያለበት ፅንስ የሽርት ውኃውን በደንብ ስለማይውጥ ውኃው ይበዛል፤ ሆድ ከልክ በላይ ይወጠራል፤ ትንፋሽ ያጥራል። ምጥን ለማስጀመር ከፅንሱ አንጎል የሚመጣው ምልክት ስለሚጎድልም እርግዝናው ከዘጠኝ ወር ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ ይህች እናት ቤቷ እንድትወልድ መተው አይገባም፤ የምትወልደው ሆስፒታል ውስጥ መሆን አለበት።

ማቋረጥን የምትመርጠው ደግሞ የሚያጽናናት አታገኝም። የሞተ ልጅ የወለደች ዘመድ ጎረቤት ይሰበሰብላታል፤ ይህችኛዋ ግን ዝም ትላለች፤ «አስወረደች» የሚለውን ቃል ትፈራለች። እ.ኤ.አ. በ2015 በአሜሪካ የታተመ፣ 158 ሴቶችንና 109 ወንዶችን ያሳተፈ ጥናት ለሞት በሚያበቃ የፅንስ ጉድለት ምክንያት እርግዝናውን ያቋረጡ ሴቶች ከቀጠሉት ይልቅ የበለጠ ተስፋ መቁረጥና ድብርት እንዳሳዩ ጽፏል። ጥናቱን ለአንዱ ወገን መከራከሪያ ማድረግ ይቀላል። ነገር ግን የተሳተፉት ራሳቸው ፈቅደው የቀረቡ ናቸው፤ ሁለቱም ወገን ልጅ ያጣ ነው፤ እንዲህ ያለው ሐዘን ደግሞ ለማን ሊነገር እንደሚችል በየአገሩ ይለያያል። ከጥናቱ በሁምቦ የሚጠቅመው ምናልባት ይህ ነው፦ ያቋረጠችውንም እንደ ሐዘንተኛ መቀበል።

ምርጫውን ሕግ ሲነጥቅ ምን እንደሚሆን ለማየት ሩቅ መሄድ ይቻላል። በፖላንድ ሕገ መንግሥታዊው ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2020 የፅንስ ጉድለትን ከተፈቀዱት ምክንያቶች ሲሰርዝ በአገሪቱ በሕጋዊ መንገድ ይፈጸም የነበረው ማቋረጥ ከሞላ ጎደል በዚሁ ምክንያት ነበር፤ ሴቶች አደባባይ ወጡ። በታኅሣሥ 2023 ደግሞ ትራይሶሚ 18 የተባለ ከባድ የዘር ችግር ያለበት ፅንስ የያዘች አንዲት የቴክሳስ እናት ፍርድ ቤት ከለከላትና ሕክምናውን ፍለጋ ከግዛቷ ወጣች። ለእርሷ አውሮፕላን ነበረላት። የሁምቦዋ ሕግ አላት፤ የሚጎድላት በጊዜ የሚደርስ ምርመራ ነው።

የጀርባ ክፍተት ያለበትን ልጅ ለማሳደግ የወሰነ ቤተሰብ ደግሞ ሥራውን አስቀድሞ ቢያውቅ ይሻላል። በአዲስ አበባ ለእነዚህ ሕፃናት ቀዶ ሕክምና ስሙ የሚነሣው የዘውዲቱ መታሰቢያ ሆስፒታል ነው። ሪችአናዘር የተባለው ድርጅት ለዚህ ሕክምና ድጋፍ ይሰጣል፤ ሆፕ ኤስቢኤች የተሰኘው ማኅበር ደግሞ ወላጆችን ያገናኛል። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የሚመጣው የቤት ሥራ ነው። የብዙዎቹ ፊኛ በራሱ ስለማይታዘዝ በየጥቂት ሰዓቱ በቀጭን ቱቦ ሽንት ማውጣት ያስፈልጋል፤ በንጹሕ እጅ፣ ሌሊትም ሳይቀር፣ ለዓመታት። ካልተደረገ ኩላሊት ይጎዳል። ወላጆች ይህን ይለምዱታል፤ ዕድሜው የደረሰ ልጅም ራሱ ይማረዋል። ትምህርት ቤቱ መጸዳጃና ውኃ ከሌለው ግን ልጁን ከክፍል የሚያስቀረው እግሩ ሳይሆን ይህ ነው። በሌሎች አገሮች ጀርባውን ገና በማኅፀን ሳለ የሚዘጉ ሐኪሞች አሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ የአሜሪካ ጥናት ጭንቅላት ውስጥ ላለው ውሃ ቱቦ የሚያስፈልጋቸውን ሕፃናት በግማሽ ያህል እንደሚቀንስ አሳይቷል። ለጊዜው ከሶዶ ሪፈር የሚጻፍበት ሕክምና አይደለም።

ችግሩ ከመነሻው ብዙውን ጊዜ ሊከለከል የሚችል መሆኑ ያንገበግባል። እ.ኤ.አ. በ1991 የታተመው የእንግሊዞች ሰፊ ጥናት ቀድሞ እንዲህ ያለ ልጅ የወለዱ ሴቶች ከመፀነሳቸው በፊት ጀምረው ፎሊክ አሲድ ሲወስዱ ችግሩ የመደገሙ ዕድል በ72 በመቶ እንደሚቀንስ አረጋገጠ። ጎመን፣ ሽፈራው፣ ቦሎቄ ይህ ቫይታሚን አላቸው፤ ብዙ ሲቀቀሉ ግን ያጡታል፤ ማዕዱ ደግሞ የሚሞላው በቆጮ፣ በስኳር ድንችና በበቆሎ ነው። መንግሥት የስንዴ ዱቄትን በፎሊክ አሲድ ማበልጸግን እ.ኤ.አ. በ2022 ግዴታ አድርጓል። የፋብሪካ ዱቄት ግን የከተማ ነገር ነው፤ የሁምቦ በቆሎ የሚፈጨው በሰፈር ወፍጮ ቤት ነው። ተመራማሪዎች አዮዲን ያለበት ጨው ላይ ፎሊክ አሲድ እንዲጨመር የሚሞክሩትም ለዚህ ነው፤ ጨው የማይገባበት ጎጆ የለምና።

እስከዚያው በጤና ኬላ የሚታደለው አይረንና ፎሊክ አሲድ ያለበት ክኒን ለደም ማነስ ይረዳል፤ ለነርቭ ዘንጉ ግን የሚደርሰው ዘንጉ ከተዘጋ በኋላ ነው። ያለው ፎሊክ አሲድም 0.4 ሚሊግራም ነው። አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ፅንስ የያዘች ሴት የሚታዘዝላት የዚህ አሥር እጥፍ ያህል፣ 4 ወይም 5 ሚሊግራም ሲሆን የምትጀምረውም ከመፀነሷ ቢያንስ አንድ ወር ቀድማ ነው። ቀጥላም ሆነ አቋርጣ ከሆስፒታል የምትወጣ እናት ይህን ትእዛዝ በወረቀት ይዛ መውጣት አለባት። የወሊድ መከላከያ መርፌዋን ለማቋረጥ ወደ ጤና ኬላ ስትመለስም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ መጀመሪያ ልትጠይቃት የሚገባው ይህን የታዘዘላትን ክኒን ጀምራ እንደሆነ ነው።