ከሳር እስከ ቀይ ቀበሮ፦ ስለ ምግብ ሰንሰለት ኃይል ተረትና እውነታ

በምግብ ሰንሰለት ውስጥ ኃይል ከፀሐይ ወደ ዕፅዋት፣ ከዕፅዋት ወደ ሳር በል፣ ከዚያም ወደ ሥጋ በል እንስሳት ይሻገራል። በባሌ ተራሮች፣ 4,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው የሰነቲ አምባ፣ ይህ ጉዞ አጭርና ግልጽ ነው፦ ሳሩን ግዙፉ ፍልፈል ይበላል፤ ፍልፈሉን ቀይ ቀበሮ ያድናል።

ከሁሉ የሰፋው ተረት፣ በሰንሰለቱ ጫፍ ያለው አዳኝ ብርቱ ስለሆነ ከኃይሉ ትልቁን ድርሻ ይወስዳል የሚለው ነው። እውነታው የዚህ ተቃራኒ ነው። ዕፅዋት ራሳቸው ካረፈባቸው የፀሐይ ብርሃን ወደ ምግብነት የሚለውጡት አብዛኛውን ጊዜ 1 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ፍልፈሉ ከጉድጓዱ አፍ ግማሽ አካሉን ብቅ አድርጎ በዙሪያው ያለውን ሳር በጥርሱ ይነጭና ወደ ውስጥ ይጎትታል። ሆዱ ያልፈጨው በእዳሪ ይወጣል። ከሰውነቱ የተዋሃደውም በአብዛኛው ለመቆፈር፣ ለመተንፈስ፣ በተለይም በሰነቲ የውርጭ ሌሊት ገላውን ለማሞቅ ይነድዳል። ሥጋ ሆኖ የሚጠራቀመው ጥቂት ነው፤ ቀበሮው የሚደርሰው ከዚያው ከጥቂቱ ነው። ለመራባት የደረሱ ቀይ ቀበሮዎች ዛሬ 500 ገደማ እንደሆኑ ይገመታል። እዚህ ላይ ያደረሳቸው የመኖሪያቸው መጥበብና የእብድ ውሻ በሽታ ጭምር ነው፤ ነገር ግን ምንም ጉዳት ባይደርስባቸው እንኳ በብዛት ፍልፈልን ሊስተካከሉ አይችሉም።

በየትምህርት ቤቱ የሚሸመደደው «10 በመቶው ብቻ ይሻገራል» የሚል አባባልም የተፈጥሮ ሕግ ሳይሆን ግምታዊ አማካይ ነው። አሜሪካዊው ሬይመንድ ሊንደማን እ.ኤ.አ. በ1942 በታተመው ጥናቱ በሚኒሶታ ግዛት ለሚገኘው ሴዳር ቦግ ሐይቅ ያሰላው ለዕፅ በሎች 13.3፣ ለሥጋ በሎች 22.3 በመቶ ነበር። ገላቸውን በራሳቸው ሙቀት የማያሞቁት ነፍሳት ከተዋሃዳቸው ምግብ ውስጥ ወደ አካል የሚለውጡት ድርሻ ከአጥቢዎች እጅግ ይበልጣል።

ሌላው ስህተት ኃይል እንደ አፈር ማዳበሪያ ዞሮ ይመለሳል ብሎ ማሰብ ነው። ቀበሮ ሲሞት ባክቴሪያና ፈንገስ ሥጋውን ያበሰብሱታል፤ ናይትሮጅኑና ፎስፈረሱ ወደ አፈር ተመልሶ ዳግም ሳር ይሆናል። ኃይሉ ግን አይመለስም። አይጠፋም፤ ሙቀት ሆኖ ይበተናል፤ በዚያ ሙቀት ምግብ መሥራት የሚችል ዕፅ የለም። ስለዚህ ሳሩ በየቀኑ አዲስ ብርሃን ይፈልጋል። በነገራችን ላይ በየብስ ላይ ከሚበቅለው አብዛኛው ማንም ሳይበላው ደርቆ የእነዚሁ የአበስባሾች ቀለብ ይሆናል።

ከብት ቀበሮን ስለማይነካ አምባው ላይ ቢሰማራ ጉዳት የለውም የሚል አስተሳሰብም አለ። ከብቱ የሚግጠው ግን የፍልፈሉን ሳር ነው። ግጦሹ ሲበዛ ኃይሉ ገና በመጀመሪያው እርከን አቅጣጫውን ይቀይርና ወደ ወተትና ወደ ሥጋ ይሄዳል፤ ፍልፈሉ ይመነምናል፣ ቀበሮውም ሳር ሳይቀምስ በሳር እጦት ይራባል።